«ረጅም ቃል» ማለት ምን ማለት ነው? በኮምፒዩተር የቃል ርዝመት መቈጣጠሪያ ላይ የቀረበ ሒስ

ከተጠቃሚዎች ጽሑፍ የሚቀበሉ የኮምፒዩተር ፕሮግራሞች የሚደርሳቸውን ጽሑፍ ከመመዝገባቸው በፊት በልዩ ልዩ መንገድ ይፈትሹታል። ከእነዚህ ፍተሻዎች አንዱ የቃል ርዝመት ፍተሻ ነው። ፕሮግራሙ ጽሑፉን ወደ ቃላት ይከፋፍላል፤ የእያንዳንዱን ቃል ሆሄያት ይቈጥራል፤ ከተወሰነለት ገደብ ያለፈ ቃል ያገኘ እንደ ሆነ ወይ ጽሑፉን ሳይቀበል ይመልሳል፤ ወይ ቃሉን ራሱ ሰብሮ ያስገባል። ነገሩ ሲታይ ለፕሮግራም ሠሪዎች የሚተው የእጅ ሙያ ይመስላል። እኛ ግን የመዝገበ ቃላትና የስያሜ ባለሙያዎችን የሚመለከት ጉዳይ ሆኖ አግኝተነዋል። ምክንያቱም በዚህች ትንሽ ፍተሻ ውስጥ «ቃል ምንድን ነው?» ለሚለው ጥያቄ ማንም ሳይጠይቅ የተሰጠ መልስ ተደብቋል፤ መልሱም ለአማርኛ ትክክል አይደለም።

በመጀመሪያ ለደንቡ ፍርድ እንስጠው። የቃል ርዝመት ገደብ ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። ኮምፒዩተር ጽሑፍን በመስመር ሲደረድር መስመሩን የሚቈርጠው ባዶ ቦታ ባገኘበት ላይ ነው። አንድ ሰው በስንፍናም ሆነ በተንኰል አንዲት ሆሄ ላይ ጣቱን ጭኖ ሁለት መቶና ሦስት መቶ ጊዜ ቢደጋግማት መስመሩ የሚቈረጥበት ስፍራ ያጣና ከገጹ ዳር አልፎ ይፈስሳል፤ የሌሎችም ጽሑፍ አብሮ ይበላሻል። ይህን ለመከላከል «ከ30 ሆሄ ወይም ከ40 ሆሄ የሚበልጥ ቃል አይገባም» የሚል አጥር ማቆም ለእንግሊዝኛ ጸሓፊ ብዙም አያስቸግረውም። እንግሊዝኛ ቅጥያዎቹ ጥቂት ናቸው፤ መስተዋድዱንና ተውላጠ ስሙን ለየብቻ ይጽፋል፤ በመካከላቸውም ባዶ ቦታ ያኖራል። ደንቡ የተወለደው በዚህ ቋንቋ ልክ ነው።

ከዚያ ቋንቋ ሲወጣ ግን ወዲያው ይደናቀፋል። ጀርመንኛ ስሞችን አያይዞ አንድ ቃል ያደርጋል። በሜክለንቡርግ ፎርፖመርን ክፍለ ሀገር እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣውና በ2013 የተሻረው የበሬ ሥጋ መለያ ቍጥጥር ሕግ ስያሜ በላቲን ፊደል 63 ሆሄያት ያሉት አንድ ቃል ነበር፦ ሪንድፍላይሽኤቲኬቲሩንግስኡበርቫኹንግስአውፍጋበንኡበርትራጉንግስጌዜትስ። በእኛ ፊደል ሲጻፍ 42 ሆሄያት ይሆናል፤ አናባቢው በሆሄው ውስጥ ስላለ ማለት ነው። በታይላንድ ቋንቋ ደግሞ ቃላት በባዶ ቦታ አይለያዩም፤ ክፍተት የሚታየው በሐረግና በዐረፍተ ነገር ዳርቻ ስለ ሆነ አንድ ሙሉ ሐረግ ለፕሮግራሙ አንድ «ቃል» ይሆንበታል። የቻይናና የጃፓን ጽሑፍም እንዲሁ ነው።

የአማርኛ ቃል ርዝመት የሚመነጨው ከጀርመንኛው በተለየ መንገድ ነው። እኛ ስም ከስም እየቀጠልን አናረዝምም፤ በአንድ ግሥ ላይ ከፊትና ከኋላ ምዕላዶችን እንደራርባለን። «ስለማያስፈልጋቸውም» የሚለውን እንመልከት። ከፊት መስተዋድዱ «ስለ»፣ ቀጥሎ አዛማጁ፣ ቀጥሎ አፍራሹ፣ ቀጥሎ የባለቤቱ አመልካች፣ ከዚያ አስደራጊውና ግንዱ፣ ከኋላ የተሳቢው አመልካች «-ኣቸው»፣ በመጨረሻም «-ም» ተሰልፈዋል። ወደ እንግሊዝኛ የሚመልሰው ተርጓሚ ሰባት ቃላት ያህል ያስፈልጉታል። ይህ ሁሉ ግን የተጻፈው በ11 ሆሄያት ብቻ ነው። «እንደሚያስተዋውቁባቸውም» ቢባል 14 ሆሄ ነው። የውጭ ሙያ ቃል ከነቅጥያው ሲመጣ ጥቂት ይበልጣል፤ በላቲን ፊደል 22 ሆሄያት ያሉት የአንጐል ኤሌክትሪክ ምርመራ ስያሜ በእኛ ፊደል «ኤሌክትሮኢንሴፋሎግራፊ» ተብሎ 13 ሆሄ ይሆናል፤ «በኤሌክትሮኢንሴፋሎግራፊውም» ሲባል 16 ይደርሳል። እንግዲህ የአማርኛ ቃል በሰዋስው ረጅም ነው፤ በሆሄ ቍጥር ግን አጭር ነው። ፊደላችን ቀለም ቀለሙን የሚጽፍ በመሆኑ በእንግሊዝኛ ልክ የተቈረጠው የ30 ሆሄ ገደብ ለእኛ ሰፊ መሆን ነበረበት። ታዲያ ችግሩ ከየት ይመጣል?

አንዱ ምንጭ አቈጣጠሩ ነው። ብዙ ፕሮግራሞች ሆሄ ቈጠርን ሲሉ የሚቈጥሩት ባይት ነው። የላቲን ሆሄ በአንድ ባይት ይቀመጣል፤ የእኛ ሆሄ ግን ዛሬ በብዛት በሚሠራበት የዩቲኤፍ 8 አመዘጋገብ ሦስት ባይት ይፈጃል። ስለዚህ 11 ሆሄ ያለው «ስለማያስፈልጋቸውም» 33 ባይት ይሆንና የ30 ገደብ ያለው ቈጣሪ ይጥለዋል። «እንደሚያስተዋውቁባቸውም» 42 ባይት ስለሚሆን የ40 ገደብ ካለው ቈጣሪም አያመልጥም። በፒኤችፒ ቋንቋ ውስጥ ረጅም ቃልን ለመስበር የተዘጋጀው ወርድራፕ የተባለው ተግባር የሚቈጥረው በባይት ነው፤ ረጅሙን ቃል በግድ እንዲቈርጥ ሲታዘዝ ቍርጡ በሆሄው ወገብ ላይ ሊያርፍ ይችላል፤ ያን ጊዜ በሁለቱ ስባሪዎች ዳርቻ ላይ የሚታየው ሆሄ ሳይሆን ትርጉም የለሽ ምልክት ነው። ይህን የፊደላችን ጉድለት አድርገው የሚያዩ አሉ፤ ጉድለቱ ግን የሜትሩ እንጂ የጨርቁ አይደለም። በስልክ አጭር መልእክትም የሚታየው ይኸው ነው፤ በላቲን 160 ሆሄ የሚይዘው አንድ መልእክት በአማርኛ 70 ብቻ ይይዛል።

ከዚህ የከፋው ምንጭ ግን የቃል መለያው ጉዳይ ነው፤ በእርሱም ላይ ዘግየት ማለት ይገባናል።

በሀገራችን ቃልን ከቃል መለየት የቈየ ሥርዐት ነው። በ4ኛው ምእት ዓመት በንጉሥ ዒዛና ዘመን በተቀረጹት የድንጋይ ጽሑፎች ላይ ቃላት በቁም ጭረት ተለያይተው ይታያሉ። በብራና መጻሕፍት ይህን ሥራ የያዘው ሁለት ነጥብ ነው። ጸሓፊው በቃላት መካከል ባዶ ቦታ እንዲተው አይገደድም ነበር፤ መለያው ነጥቡ እንጂ ክፍተቱ አልነበረምና። በአንጻሩ መስመሩ ሲያልቅበት ቃሉን ካገኘው ሆሄ ላይ ቈርጦ የቀረውን ወደሚቀጥለው መስመር ያወርደዋል፤ ሰረዝም አይጨምርም። አንባቢውም አይደናገርም፤ ሁለት ነጥብ እስኪያይ ድረስ ቃሉ እንዳላለቀ ያውቃል። ማተሚያ ቤቶችም ይህን ሥርዐት ወርሰው ረጅም ጊዜ ሠርተውበታል። ዛሬ በአብዛኛው ጽሑፍ የሁለት ነጥብን ስፍራ ባዶ ቦታ ወስዶታል፤ ነገር ግን ሁለት ነጥብ አልሞተም። በቤተ ክህነት ትምህርት ያለፉ ሰዎች፣ በዕድሜ የገፉ ጸሓፊዎች፣ ጥንታውያን ጽሑፎችን ወደ ኮምፒዩተር የሚያስገቡ ተመራማሪዎች እስከ ዛሬ ይጠቀሙበታል።

የዩኒኮድ ድርጅት ፊደላችንን እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትሙ ሲመዘግብ ሁለት ነጥብን «የኢትዮጵያ የቃል ክፍተት» የሚል ፍች ያለው ስያሜ ሰጠው። ስያሜው ትክክል ነው። ምድቡ ግን ሌላ ሆነ፤ ከባዶ ቦታዎች ጋር ሳይሆን ከሥርዐተ ነጥቦች ጋር ተመደበ። ስሙ ክፍተት ነው፤ ወገኑ ነጥብ ነው። መስመር አቈራረጥን የሚመለከተው የዩኒኮድ ደንብ ከሁለት ነጥብ በኋላ መስመር እንዲቈረጥ ስለሚፈቅድ በዚያ በኩል ጉዳት የለም። ፕሮግራም ሠሪዎች ግን ጽሑፍን ወደ ቃላት ሲከፋፍሉ ብዙውን ጊዜ ወደዚያ ደንብ አይሄዱም፤ «ባዶ ቦታ ባለበት ክፈል» ብለው በአንድ መስመር ትእዛዝ ይገላገላሉ። ሁለት ነጥብም ባዶ ቦታ ተብሎ ስላልተመደበ ለዚያ ትእዛዝ እንደ ማንኛውም ሆሄ የቃሉ አካል ይሆናል።

ውጤቱን በምሳሌ እንየው። አንድ አዛውንት ለመሥሪያ ቤት በተዘጋጀ የኮምፒዩተር ቅጽ ላይ እንዲህ ብለው ጻፉ እንበል፦

ለክቡር፡የወረዳው፡አስተዳዳሪ፡ያቀረብሁት፡አቤቱታ፡እስካሁን፡ምላሽ፡አላገኘም።

ይህ ዐረፍተ ነገር ስምንት ቃላት አሉት። ረጅሞቹ «አስተዳዳሪ» እና «ያቀረብሁት» ሲሆኑ እያንዳንዳቸው ስድስት ስድስት ሆሄ ናቸው። በእጃቸው ያስተማሯቸው የአጻጻፍ ሥርዐት አንድም ሳይጓደል ተጠብቋል። በባዶ ቦታ የሚከፍለው ፕሮግራም ግን ከነነጥቦቹ 46 ምልክት ያለው አንድ ቃል ያያል፤ በባይት ከቈጠረም 138 ይደርስለታል። ስለዚህ ጽሑፉን ይመልስና «በጣም ረጅም ቃል ጽፈዋል» ይላቸዋል። አዛውንቱ ረጅሙን ቃል ፍለጋ ጽሑፋቸውን ከላይ እስከ ታች ቢያነቡ አያገኙትም፤ የለምና። አቤቱታቸውም ከቅጹ ወዲያ አይሻገርም። የቃል ርዝመት ገደብ የሰውን አቤቱታ እስከ ማስቀረት የሚደርስ ከሆነ የገጽ ውበት ጉዳይ ብቻ ሆኖ ሊታይ አይችልም።

ሁለት ነጥብ ለማይጠቀመው ወጣትም ነገሩ ሙሉ በሙሉ አልቀናለትም። ከነጠላ ሰረዝና ከድርብ ሰረዝ በኋላ ባዶ ቦታ የማይተው ጸሓፊ ብዙ ነው። «ጤፍ፣ስንዴ፣ገብስ፣በቆሎ፣ማሽላ» ብሎ የዘረዘረ ሰው ለፕሮግራሙ የጻፈው አንድ እህል ነው።

ጽሑፉን ከሚመልሰው ፕሮግራም ይልቅ ቃሉን ራሱ የሚሰብረው ለእኛ ሙያ የበለጠ አደገኛ ነው። የተመለሰበት ሰው ቢያንስ መመለሱን ያውቃል። ሰባሪው ፕሮግራም ግን በገደቡ ላይ ባዶ ቦታ ያስገባና «እንደሚያስተዋውቁባቸውም» የሚለውን «እንደሚያስተዋውቁ ባቸውም» አድርጎ ያልፋል። «ባቸውም» የሚባል የአማርኛ ቃል የለም። ሌሎች ፕሮግራሞች ደግሞ የሚያስገቡት ስፋት የሌለውንና ለዐይን የማይታየውን ክፍተት ነው፤ ቃሉ በገጹ ላይ ሙሉ መስሎ ይታያል፤ በፍለጋ ግን አይገኝም፤ ሁለቱ ግማሾች እንደ ተለያዩ ቃላት ተመዝግበዋልና። ዛሬ የመዝገበ ቃላት ሥራ ከኮምፒዩተር በተሰበሰበ የጽሑፍ ክምችት ላይ ይመሠረታል። እንዲህ ያለ ስብራት የበዛበት ክምችት የሚሰጠን የድግግሞሽ ቍጥር «ባቸውም»ን ራሱን የቻለ ቃል አድርጎ ያቀርብልናል። ዐይነ ስውሩን ክፍተት ለማጽዳት መጀመሪያ መኖሩን ማወቅ ያስፈልጋል፤ እርሱም ለማየት አልተሠራም።

ጸሓፊውም ቢሆን ቅጹ ሲመልስበት ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ጽሑፉ እንዲያልፍለት ቃሉን በእጁ ይቈርጣል። «እንደ ሚታወቀው»፣ «ስለ ማያስፈልጋቸው» የሚሉ አጻጻፎች እየበዙ የመጡበት ምክንያት ብዙ ነው፤ ሁሉንም በዚህ ደንብ ማላከክ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ነገር ግን ደንቡ ግፊቱን ወዴት እንደሚያደርግ ግልጽ ነው። ጥንት «ስለ ሆነ» እና «እንደ ሆነ» እያሉ መስተዋድዱን ከኀላፊ ግሥ ለይቶ መጻፍ የተለመደ ነበር፤ እኛም በዚህ ጽሑፍ የተከተልነው ይህንኑ ነው፤ ዛሬ አያይዞ የሚጽፈው ይበዛል፤ «ቤተ ክርስቲያን»ንና «ሥነ ጽሑፍ»ን የሚለይም የሚያያይዝም አለ። እነዚህ ገና ክርክራቸው ያላለቀ የአጻጻፍ ጥያቄዎች ናቸው። በሰዋስው ምክንያት፣ በልማድ ምክንያት፣ በአንባቢ ምቾት ምክንያት ሊወሰኑ ይገባል። ስለ አማርኛ አንድም ነገር ሳይሰማ በተመረጠ የ30 ወይም የ40 ቍጥር እንዲወሰኑ መፍቀድ የለብንም።

ስለ ርዝመት ስንናገር እግረ መንገዳችንን ስለ እጥረትም አንድ ነገር እንበል፤ እንዲያውም በፍለጋ በኩል ለአማርኛ የባሰው እርሱ ነው። ማይኤስኪውኤል የተባለው የመረጃ ማኅደር ፕሮግራም ለሙሉ ጽሑፍ ፍለጋ የሚያዘጋጀው ማውጫ በኢኖዲቢ ዐይነቱ ውስጥ አስቀድሞ የተተከለለት ገደብ ከታች 3 ሆሄ፣ ከላይ 84 ነው። የላይኛውን ገደብ የአማርኛ ቃል አይነካውም። የታችኛው ግን «ቤት»ን፣ «ሰው»ን፣ «ውሃ»ን፣ «ልጅ»ን፣ «ሞት»ን ከማውጫው ያስቀራል። በእንግሊዝኛ ሁለት ሆሄ ያለው ቃል ብዙውን ጊዜ መስተዋድድ ወይም ተውላጠ ስም ስለ ሆነ ቢቀር አይጐዳም። በአማርኛ ግን ሁለት ሆሄ ያላቸው ቃላት የሰው ኑሮ ምሰሶዎች ናቸው። ገደቡን ዝቅ ማድረግ የሚቻል ሆኖ ሳለ አስቀድሞ የተተከለውን የሚነካ ሰው ጥቂት ነው።

አሁን ወደ ተርጓሚዎች ድርሻ እንምጣ። የፕሮግራም መልእክቶች ወደ አማርኛ ሲመለሱ «ቃል» የሚለው ቃል ያለ ጥያቄ ይገባል። እኛ ሦስት ነገሮችን መለየት ይገባል እንላለን፦ ሰዋስዋዊው ቃል፣ በጽሑፍ ላይ በመለያዎች መካከል የሚታየው ፊደላዊ ቃል፣ እና ፕሮግራሙ በባዶ ቦታ መካከል ያገኘው የምልክቶች ተከታታይ። የመጨረሻው ቃል አይደለም፤ የራሱ ስያሜ ያስፈልገዋል። ግእዝን መሠረት አድርጎ «ሐብለ ሆሄ» ማለት ይቻል ነበር፤ ሐብል በግእዝ ገመድ ነውና ከእንግሊዝኛው ስያሜ ሐሳብ ጋር ይገጥማል። ይሁን እንጂ በዛሬው አማርኛ ሐብል ሲባል ለሰው ቀድሞ የሚታየው የአንገት ጌጥ ነው። «የሆሄ ተርታ» ይሻላል ባይ ነን። ተርታ ማንም የሚያውቀው ቃል ነው፤ መደርደርን እንጂ ትርጉም መያዝን አያመለክትም፤ እኛም የምንፈልገው ይህንኑ ነው።

«ልክ ያልሆነ ቃል» የሚለውን መልእክት በተመለከተ ደግሞ አጥብቀን እንቃወማለን። የእንግሊዝኛው ቃል በፕሮግራም ሥራ ውስጥ «ከተቀመጠው ቅርጽ ጋር አይገጥምም» ከማለት አያልፍም። በአማርኛ ግን «ልክ ያልሆነ ቃል» የተባለ ሰው ነውር ተናግረሃል የተባለ ያህል ይሰማዋል፤ ቃል ንግግርም፣ የተሰጠ ተስፋም፣ በዳኛ ፊት የሚቈጠር ምስክርነትም ነውና። «በጣም ረጅም ቃል ጽፈዋል» የሚለውም ቢሆን ጥፋቱን በጸሓፊው ላይ ይጭናል፤ ምን ማድረግ እንዳለበት ግን አይነግረውም። በምትኩ እንደዚህ ያለ መልእክት እናቀርባለን፦ «ያለ ክፍተት የተያያዘው የሆሄ ተርታ ከ60 አልፏል። እባክዎ በቃላት መካከል ባዶ ቦታ ወይም ሁለት ነጥብ ያስገቡ።» የዚህ መልእክት ችግሩ መጀመሪያ ፕሮግራሙ ሁለት ነጥብን መለያ አድርጎ መቀበል ያለበት መሆኑ ነው። ያለዚያ ተርጓሚው ፕሮግራሙ የማይፈጽመውን ቃል ለተጠቃሚው ይገባል። ስለዚህ መልእክቱን እንዲተረጕም የተጠራ ባለሙያ መልእክቱን የሚያስነሣው ፍተሻ እንዴት እንደሚሠራ የመጠየቅ መብት ብቻ ሳይሆን ግዴታም አለበት ብለን እናምናለን።

ለፕሮግራም ሠሪዎች የምንለው አጭር ነው። ገጹ እንዳይበላሽ ብቻ ከሆነ የተፈለገው ፍተሻው ዛሬ አያስፈልግም፤ የገጽ አቀማመጥ መደንገጊያው ቋንቋ ረጅሙን ተርታ መስመሩ ዳር ሲደርስ ሰብሮ ማውረድ ይችላል፤ የተመዘገበው ጽሑፍም አይነካም። ይህ የብራና ጸሓፊዎቻችን አሠራር ነው፤ ሰረዝ አይጠይቅም፤ በየትኛውም ሆሄ ላይ ቢቈረጥ አማርኛ አንባቢን አያውክም። የተፈለገው ጣታቸውን የሚጭኑ ተንኰለኞችን መከልከል ከሆነ ርዝመትን ሳይሆን ድግግሞሽን መፈተሽ ይበቃል፤ አንዲት ሆሄ አራት ጊዜ ተከታትላ የምትመጣበት ትክክለኛ የአማርኛ ቃል የለም ማለት ይቻላል። ፈገግታውን «ሃሃሃሃሃ» ብሎ የሚጽፈውን ሰው ግን ከተንኰለኞች መቍጠር ይከብደናል፤ እስከ አሥር ሃ ድረስ ቢታለፍለት ማንንም አይጐዳም። ገደብ የግድ ነው ከተባለም በባይት ሳይሆን በሆሄ ይቈጠር፤ ከሁለት ነጥብ ሌላ አራት ነጥብ፣ ነጠላ ሰረዝና ድርብ ሰረዝም መለያ ይሁኑ።

በአፈጻጸሙ ላይ ሳይፈታ የሚቀር አንድ ነገር አለ። ሁለት ነጥብ ሁልጊዜ ቃል አይለይም። «ከጧቱ 3፡30» ስንል ሰዓትን ከደቂቃ ይለያል። ለርዝመት ፍተሻ ይህ ምንም አያመጣም፤ 3 እና 30 ተለያይተው ቢቈጠሩ ገደብ አያልፉም። ቃላትን ለመቍጠር ወይም ማውጫ ለማዘጋጀት ግን ያው ደንብ ከተወሰደ አንዱ ሰዓት ሁለት ቍጥር ይሆናል። ስለዚህ ሁለት ነጥብ በግራና በቀኙ ቍጥር ሲኖር መለያ እንዳይሆን፣ በሌላው ስፍራ ሁሉ ግን እንዲሆን ማድረግ ይሻላል። በግእዝ ቍጥር «፫፡፴» ብሎ ለሚጽፍም ያው ደንብ ሊያገለግል ይገባል፤ ብዙ ፕሮግራሞች የግእዝን አኀዝ ከቍጥር ስለማይመድቡት ይህን ለይቶ መንገር ያስፈልጋል።